ግልጽ ደብዳቤ፦ የጎንደርን አሮጌ ግንቦች እንደ አዲስ ፎቅ በጨረታ አታውጡብን

ይድረስ፦ የከተማችንና የአካባቢው ታሪካዊ ሕንጻዎች ጥገና ላይ ለምትወስኑ ኃላፊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የታጠፈውን የጥገና አርክቴክት የሥራ መደብና የጥገና ጨረታዎችን ይመለከታል

ክቡራን ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። የመሥሪያ ቤታችሁን ስም ሆን ብለን አልጻፍነውም። ጉዳዩ የአንድ ወንበር ጉዳይ ስላልሆነ ነው፤ ደግሞም እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። በማህተም፣ በቁጥር፣ በግልባጭ ስንጽፍላችሁ ከርመናል። መልሱ ሁሌ «ይታያል» ነው። እስካሁን አልታየም። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አደባባይ አወጣነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ በተሠራው መዋቅር የታሪካዊ ሕንጻዎች ጥገና አርክቴክት የሚለው የሥራ መደብ ታጥፏል። ሥራው ለግንባታ ክትትል ተሰጥቷል። ለምን ብለን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «ያው ግንባታ ግንባታ ነው» የሚል ነው። ይህን ያለው ሰው ክፉ አይደለም፣ ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ግን ተሳስቷል፤ ስህተቱ ደግሞ ድንጋይ ላይ የሚታይ ዓይነት ነው።

እኛ ማን ነን? ጥቂት አርክቴክቶች፣ ግንበኞች፣ ድንጋይ ጠራቢዎችና አናጺዎች ነን። ይህን የምጽፈው እኔ የተማርኩት አርክቴክቸር ነው። አብረውኝ የተመረቁት አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ያቆማሉ፣ እኔ እዚህ ስንጥቅ እለካለሁ። ዘመድ ሲሰበሰብ «አንቺስ ምን ሠራሽ?» ይሉኛል። «ያለው እንዳይወድቅ አደረግኩ» ብላቸው ፎቶ አሳዪን ይላሉ፤ ፎቶው ላይ ደግሞ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ሥራው ጥሩ የሆነ ቀን እንዲህ ነው፣ አይታይም። ምናልባት መደቡን ስታጥፉት ያልታያችሁም ለዚህ ይሆናል።

ቅሬታችንን ከሲሚንቶው እንጀምር።

ሲሚንቶ በቦታው ጥሩ ነገር ነው። ለድልድይም ለኮንዶሚኒየምም ይሁን። የጎንደር ግንቦች ግን በድንጋይና በኖራ ነው የተሠሩት። ኖራ ለስላሳ ነው፤ ውሃ ያስገባል፣ መልሶ ደግሞ ያስወጣል። ክረምት ግድግዳው ይርሳል፣ በጋ ሲመጣ እርጥበቱ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ በኩል ይወጣል። መጋጠሚያውን በሲሚንቶ ስትደፍኑት ውሃው መውጫ ያጣና በድንጋዩ በራሱ በኩል ይወጣል፣ ጨው ይዞ። ጨው ከድንጋዩ ፊት ሥር ሲደርቅ ፊቱን ይገፋዋል። ጥቁሩ ድንጋይ ትንሽ ይታገሳል። በበርና በመስኮት ቅስቶች ዙሪያ የተደረደረው ቀላ ያለ ለስላሳ ድንጋይ ግን አይችለውም።

ይህ የወረቀት ትምህርት ብቻ አይደለም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዘ በኋላ ግንቦቹን ሲጠግን ሲሚንቶና ብረት የገባበት ኮንክሪት ተጠቅሟል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዩኔስኮ የደገፈው ጥገና ሲመጣ ከሥራው አንዱ ይኼንኑ እያነሱ በኖራ መተካት ነበር። አንድ ጊዜ ለመለጠፍ ተከፈለ፣ አንድ ጊዜ ለመንቀል ተከፈለ። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ልንከፍል ነው፤ ያውም በራሳችን እጅ፣ በራሳችን የሥራ ዝርዝር።

ምሳሌ እንስጥ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ አሮጌ ግንብ አለ። ጥገናው በጨረታ ለተራ የሕንጻ ተቋራጭ ተሰጠ። የሥራ ዝርዝሩ «የግድግዳ መጋጠሚያ ሙሌት፣ በሲሚንቶና አሸዋ፣ በካሬ ሜትር» ይላል። ተቋራጩ የተባለውን ሠራ፣ እሱን አንወቅሰውም። እንዲያውም ሥራው ንጹሕ ነበር፤ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ የተጠረገ። ርክክብ ላይ ተጨበጨበ። ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ሄደን ስናይ የአንዱ ቅስት ድንጋይ ፊቱ ተልጦ ከሥሩ ተከምሯል። በጣት ሲነኩት ዱቄት ነው። ሲሚንቶው ግን ምንም አልሆነም። ድንጋዩ ወደ ውስጥ እየተበላ ሲሄድ ሲሚንቶው ብቻውን እንደ ጅማት ወደ ውጭ ጎልቶ ቀርቷል። «ይነሳ» ተብሎ በመሮና በመዶሻ ሲሞከር ደግሞ የድንጋዩን ጠርዝ ይዞ መጣ። በዚህ ጊዜ ማን ይጠየቅ? የሥራ ዝርዝሩን ያዘጋጀው ክፍል የጥገና ባለሙያ የለውም። ያጸደቀው ክፍልም የለውም። የተረከበው ኮሚቴ ውስጥም አልነበርንም። እኛ የተጠራነው ድንጋዩ ከወደቀ በኋላ «አስተያየት ስጡ» ተብለን ነው።

ወደ ጨረታው ስንመጣ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። ለትምህርት ቤት አጥር ይሁን፣ እሺ። የአሮጌ ግንብ ሥራ ግን ግማሹ የሚታወቀው ከተከፈተ በኋላ ነው። ከልስኑ ሥር ምን እንዳለ፣ ጣውላው ከውስጥ መበስበስ አለመበስበሱን ማንም ከውጭ ቆሞ አይነግራችሁም። በሐቀኝነት የሚያሰላ ሰው ለዚህ መጠባበቂያ ይይዛል፤ መጠባበቂያ የያዘ ደግሞ ይሸነፋል። የሚያሸንፈው ያላየው ወይም አይቶ እንዳላየ የሆነው ነው።

ፋሲል መዋኛን ያየ ሰው ሁሉ የዋርካዎቹን ሥር ያውቃል። ሥሩ ድንጋዩን ጨብጦ፣ በግድግዳው ላይ ወርዶ መሬት ገብቷል። ሰው ፎቶ ይነሳበታል። «ዛፉ ግድግዳውን እያፈረሰው ነው፣ ይቆረጥ» የሚል ሰው አይጠፋም። ግማሽ እውነት አለው፣ ሥሩ ይሰነጥቃል። ግን ይኸው ሥር ነው ድንጋዮቹን አቅፎ የያዛቸው። ዛፉን ቆርጣችሁ ሥሩን ብትተዉት ከዓመታት በኋላ በስብሶ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ግድግዳው የሚሄደው ያን ጊዜ ነው። ነቅላችሁ ብታወጡት ደግሞ ድንጋዩ አብሮ ይመጣል። ስለዚህ ሥር በሥር እየታየ ነው የሚወሰነው፤ ይኼኛው ይቆይ፣ ይኼኛው ከጫፉ ይከርከም፣ እዚህ ጋ መጀመሪያ ድጋፍ ይግባና ክፍተቱ በኖራ ይሞላ። በዚያ ላይ ገንዳው በየዓመቱ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል፣ ከዚያ ይፈሳል፣ ግድግዳውም ይርሳል ይደርቃል። በዓሉም ቦታውም ሕይወት ያላቸው ናቸው፣ ሥራው ከእነሱ ጋር መስማማት አለበት። እስቲ ይህን በካሬ ሜትር ዋጋ ጨረታ ላይ እንዴት ትጽፉታላችሁ? ግራ ገብቶን ነው የምንጠይቀው።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደን ግን የጊዜው ነገር ነው። በጀቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። በጀት ጸድቆ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ተከፍቶ፣ ቅሬታ ገብቶ፣ ቅሬታው ታይቶ፣ ውል ተፈርሞ፣ ቅድመ ክፍያ እስኪለቀቅ ሚያዝያና ግንቦት ይደርሳል። በጋው ሙሉ ጸሐይ ወጥቶ ሠራተኛ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ከዚያ አንድ ቀን ስልክ ይደወላል፦ «ፍጠኑ፣ ሰኔ 30 ሳይደርስ ካልተጠናቀቀ ብሩ ተመላሽ ይሆናል።» ኖራ ደግሞ በስልክ አይታዘዝም። የሚጠነክረው ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ነው፣ በሳምንታትና በወራት። ቶሎ መድረቅ የለበትም፣ ዶፍም ሊወርድበት አይገባም። እኛ ግን ሰኔ ላይ ላስቲክ እየወጠርን እንለስናለን። ነፋስ ላስቲኩን ይገልጠዋል፣ መልሰን እናስራለን። ጠዋት ስንመጣ የትናንቱ ልስን ነጭ ውሃ ሆኖ በቦዩ ይወርዳል። የሕዝብ ብር ነው የሚወርደው። በሪፖርቱ ላይ ግን «መቶ በመቶ ተጠናቋል» ተብሎ ይጻፋል።

የሠራተኞቹን ነገር እናንሳ። አንድ አባት አሉ። ስማቸውን አንጠራም፣ እሳቸውም አይወዱም። ኖራው በጉድጓድ ውስጥ ውሃ ጠጥቶ የቆየውን ጊዜ በጣታቸው ዳብሰው ይነግሯችኋል። በግንበኛ ማንኪያ አንስተው ይገለብጡታል፤ ወዲያው ከወረደ «ገና ነው፣ ይተኛ» ይላሉ፣ ይዞ ከቀረ «አሁን ሆነ» ብለው አሸዋውን ያስመጣሉ። አሸዋውንም በመዳፋቸው ጨብጠው ድምፁን ይሰማሉ፤ ካልተንቋቋ ጭቃ አለበት ብለው ይመልሱታል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስለ ኖራ የተማርኩት ከእሳቸው ጋር አንድ ጠዋት ከዋልኩበት አይበልጥም። እኚህ ሰው ክፍያ ሰነዱ ላይ «የቀን ሠራተኛ» ናቸው። ውሃ ከሚያመላልሰው ልጅ ጋር በአንድ ሂሳብ ይፈርማሉ። ምክንያቱም የትምህርት ማስረጃ የላቸውም። ማን ይስጣቸው? የሚፈትናቸው ራሱ ከየት ይመጣል?

በቀደም እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ይህን ሥራ ለልጆቼ አላስተምርም። ባጃጅ ይሻላቸዋል።» ምን ልበላቸው? ባጃጅ በየቀኑ ይከፍላል። የእኛ ክፍያ ሰነድ ተመላልሶ፣ ፊርማ ጎድሎት፣ ተመልሶ ሄዶ ነው የሚመጣው። እሳቸው ሥራውን ያቆሙ ዕለት ጎንደር ውስጥ ያንን ኖራ የሚያውቁት እጆች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

የአርክቴክቶቹም ነገር ብዙ አይሻልም። ለደረጃ እድገት ፋይል ስናስገባ የምንጠየቀው ዲዛይን ያደረግነውን አዲስ ሕንጻ ስፋት ነው። አንድ ግንብ ድንጋይ በድንጋይ ተለክቶ፣ ተስሎ፣ የስንጥቁ እንቅስቃሴ ተመዝግቦ የወጣው ሥራ ለቅጹ ዜሮ ነው። ወጣቶች ለልምምድ ይመጣሉ፣ ይወዱታል፣ መወጣጫ ላይ ወጥተው ድንጋይ ሲለኩ ዓይናቸው ይበራል። ከዚያ የደመወዙን ነገር ይጠይቁናል። ከዚያ ሪል ስቴት ይገባሉ። አንፈርድባቸውም፣ ቤት ኪራይ አለ።

የጎንደርን ፒያሳ ደግሞ ማንም አያነሳውም። ዓይን ሁሉ ቤተ መንግሥቶቹ ያሉበት የፋሲል ግቢ ላይ ነው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሩት ከተማ ስለሆነ ተገቢ ነው። ግን ጎንደር የጣሊያን ጊዜ ሕንጻዎችም አሏት፤ ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል አርክቴክት በነደፈው ፕላን ዙሪያ የተሠሩ። ክብ ማዕዘን፣ ረጅም በረንዳ፣ ቢጫ ልስን። «የወራሪ ሥራ ነው፣ ምን ይጠበቅለታል?» የሚል ክርክር አለ። ክርክሩን አንሸሽም። ሆኖም ድንጋዩን የተሸከመው የጎንደርና የአካባቢው ሰው ነው፣ ከዚያም ወዲህ ሰማንያ ምናምን ዓመት ቡና የጠጣበት፣ ደብዳቤ የላከበት፣ ፊልም ያየበት ይኸው ሰው ነው። አንዱ ሕንጻ ባለፈው «እድሳት» ተብሎ ፈቃድ ወጣለት። የእንጨት መዝጊያዎቹ ተነቅለው አልሙኒየም ገባ። የቴራዞ ወለሉ፣ ማለት የድንጋይ ፍንካች በሲሚንቶ ተይዞ የተወለወለው ወለል፣ ተሰብሮ ሴራሚክ ተነጠፈበት፤ ያ ቴራዞ ቢወለወል እኛንም ያሳየን ነበር። መዝጊያዎቹን ስንጠይቅ ለማገዶ ሄደዋል ተባልን። ፈቃዱን የሰጠው ክፍል ሕንጻው የቆየ መሆኑን የሚያይበት ዝርዝር አልነበረውም። ጥፋቱ ይህ ነው፤ ዝርዝር የለም።

ዝርዝር ካነሳን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ዩኔስኮ የመዘገበው ግቢውን ብቻ አይደለም። መዋኛው አለበት፣ ቁስቋም አለበት፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አለበት፣ ወጣ ሲል ጎርጎራ፣ ማርያም ግንብ፣ እንፍራንዝ አጠገብ ያለው የዐፄ ሠርጸ ድንግል ጉዛራ አለ። ስንቶቹን ነው በዓመት አንዴ እንኳ ከጣሪያ እስከ መሠረት የሚያያቸው ባለሙያ ያለው? ለግቢው ጥገና ሲደረግ ሰው ስለ ቀለሙ ይከራከራል። ደስ ይለናል፣ ይከራከር፣ የራሱ ነው። ለጉዛራ የሚከራከር ግን አላገኘንም። ግድግዳ ላይ የበቀለ ቁጥቋጦ ዛሬ በእጅ ይነቀላል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ግንበኛ ይፈልጋል። የሚያስፈልገው መሰላል፣ መቀስና በየዓመቱ የሚመላለስ ሰው ነው። ይኼም ሰው ነው ከመዋቅሩ የታጠፈው።

በነገራችን ላይ ሌላ ጥያቄም በየስብሰባው ይነሳል፦ «የዐፄ ኢያሱን ቤተ መንግሥት ለምን ጣሪያ አታለብሱትም? ለቱሪስት ያምራል።» የዐፄ ኢያሱ ቤት እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል፣ ጣሊያን ሲባረር ደግሞ የእንግሊዝ ቦምብ ወድቆበታል። ጣሪያው ምን እንደሚመስል በእርግጠኝነት ሳናውቅ የምንሠራው ጣሪያ የእኛ ፈጠራ ነው የሚሆነው። ያለውን አጽንተን ማቆም ይበልጣል እንላለን። እናንተ ላትስማሙ ትችላላችሁ። ችግሩ አሁን የሚከራከራችሁ ባለሙያ ጠረጴዛው ዙሪያ አለመኖሩ ነው።

አዲስ ሕግ ይውጣ አላልንም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገና ሥራ ቅድሚያ ፈቃድ ይፈልጋል ብሎ ጨርሶታል። ፈቃዱን ለመጠየቅ ግን ሥራው ምን እንደሆነ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

የታጠፈው የሥራ መደብ ይመለስ፤ ስሙ የፈለገው ይሁን፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይቀመጥበት። ያለ እሱ ፊርማ የአሮጌ ሕንጻ የሥራ ዝርዝር ጨረታ አይውጣ፣ ርክክብም አይደረግ።

የጥገና ሥራ በዋጋ ብቻ አይዳኝ። ተወዳዳሪው መጀመሪያ ግድግዳው ላይ አንድ ካሬ ሜትር በኖራ ሠርቶ ያሳይ፣ አንድ ክረምት ይለፍበት፣ ከዚያ ይታይ። ርካሽ ፈተና ነው። ሲሚንቶ የተጻፈባቸው አሁን በሂደት ላይ ያሉ ዝርዝሮች ደግሞ ዛሬውኑ ይቁሙ፤ ይኼኛው ቀጠሮ አይፈልግም።

ገንዘቡ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሥራ ላይ እንዲውል ጨረታው አንድ ዓመት ቀድሞ ይዘጋጅ፤ ውሉም ሁለት የበጀት ዓመት የሚሻገር ይሁን። የፋይናንስ ሰዎች «አይቻልም» እንደሚሉ እናውቃለን። መንገድ ሲሠራ ይቻላል፣ ስለዚህ ይቻላል።

ኖራ ለሚያውቁ ግንበኞችና ለጠራቢዎች በሥራ ፈተና የሚሰጥ ደረጃና ከደረጃው ጋር የሚሄድ ክፍያ ይኑር። ፈታኞቹ ራሳቸው እነዚያ አባቶች ይሁኑ። በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ሁለት ወጣት አብሮ ይመደብ፣ ክፍያቸው ውሉ ውስጥ ይግባ። ከከተማው አጠገብም ኖራ ዓመቱን ሙሉ ተነክሮ የሚቆይበት አንድ ጉድጓድና መጋዘን ይሰጠን፤ ቦታውን እኛ እናሳያችኋለን።

የፒያሳና የአካባቢው የቆዩ ሕንጻዎች ይመዝገቡ። ፎቶና ልኬቱን በበጎ ፈቃድ እንሠራለን። ከእናንተ የምንፈልገው ደብዳቤና የእድሳት ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ዝርዝሩን እንዲያየው ብቻ ነው።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ስብሰባ ከሆነ ግን አዳራሽ ውስጥ ባይሆን እንመርጣለን፤ ከላይ ያነሳነው ቅስት ሥር ኑ፣ ድንጋዩን በጣታችሁ ንኩት፣ እዚያው እንነጋገር። ቅዳሜም እሑድ ከሰዓትም ይመቸናል።

ከአክብሮት ጋር፣

በጎንደር በታሪካዊ ሕንጻዎች ጥገና ላይ የምንሠራ አርክቴክቶች፣ ግንበኞች፣ ጠራቢዎችና አናጺዎች
በስማቸው የጻፈች፦ የጥገና አርክቴክት፣ ጎንደር